የኢዲል በርካ ወለል ያጣ ዕለት

ጅጅጋ፣ ጥር 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኢልሀም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺ ደህና ሆነሽ፣ ሆድሽም ገፋ ብሎ፣ ባልሽ ሳሃልም እንደ ልማዱ እየሳቀ እንዲያገኛችሁ አላህን እለምናለሁ። እኛ አለን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ከእኔ ጋር ለመጨቃጨቅ ግን አቅም አላነሳትም። ዒድን ያለ አንቺ ስናሳልፍ የመጀመሪያችን ስለሆነ ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳሃል ቱሪስት ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስበት የሸራ ጀልባ ሊገዛ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሁለት ለሽያጭ ቀርበዋል፤ እናንተም እዚያው ጀልባ ላይ ልትኖሩ ነው። «አባ፣ አንተ ምፅዋ ባሕር ኃይል የኖርክ ሰው ነህ፤ የትኛዋ ትሻላለች?» ብለሽኛል። ጅጅጋ ላይ ገመድና ጀሪካን የሚሸጥ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቅ እንዴት እንደሚኮራ አታውቂም። ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አንተን ያማከረማ ሰጠመ» አለችኝ። ያን ቀን ስቀናል።

እንግዲህ ስሚኝ። ባለ አንድ አካሏ ጀልባ ከሆዷ በታች ኪል የምንለው ከባድ የብረት ክንፍ አላት። ከሁለት ሜትር በላይ ውኃ ውስጥ ትገባለች ብለሻል፤ ጥልቋ የምላት እሷን ነው። ጥቅሟ ክብደቷ ታች መሆኑ ነው፤ ማዕበል በጎኗ ቢጥላት ያ ብረት ይጎትታትና ተመልሳ ትቆማለች። ካታማራኗ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን አካሎች ጎን ለጎን ተጋጥመው የተሠራች ስለሆነች ውኃ ውስጥ የሚገባው አካሏ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ሰፊ ናት፣ አትንገዳገድም፣ ለሕፃን ትመቻለች፤ ባሕሩ ሲሸሽ እንኳ አሸዋው ላይ ቁጭ ትላለች። ክፋቷ አንዴ ከተገለበጠች እንደተገለበጠች መቅረቷ ነው። ሳሃል ጥልቋን የወደዳት ይህን ፈርቶ ይመስለኛል። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ቢሆን እውነት አለው። እናንተ የምትውሉት ግን ደሴት ለደሴት፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ የኮራል ድንጋይ ላይ ነው። ኪሉ እዚያ ከተያዘ ጀልባዋ ትጋደማለች፤ ከዚያ በኋላ ማዕበሉ እንደፈለገ ይደበድባታል።

ከዒድ በፊት ብጽፍልሽ ኖሮ እዚህ ላይ አበቃ ነበር። በኋላ የሆነውን ስነግርሽ ግን አባቴ አረጀ፣ ጫትም ጀመረ እንዳትዪ።

ወተት ታመጣልን የነበረችውን ኢዲልን ታስታውሻታለሽ። ከከተማው ወጣ ብሎ የዝናብ ውኃ የምታጠራቅምበት የሲሚንቶ በርካ አላት። ዘንድሮ ዝናቡ ስላስቸገረ፣ የቀረው ውኃ ፍየሎቿን እስከ መቼ እንደሚያዘልቅ እንድለካላት ባለፈው ሐሙስ ጠራችኝ። የጥንቱን የባሕር ቱንቢዬን፣ ገመድ ላይ የታሰረውን የጥልቀት መለኪያ ብረት፣ ይዤ ሄድኩ። እኛ መርከበኞች ቱንቢውን ዝም ብለን አንጥለውም፤ ታቹ ያለውን ጎድጓዳ ሞራ እንቀባዋለን፤ የባሕሩ ወለል ላይ ያለው አፈር ሞራው ላይ ተጣብቆ ይወጣና ምን ዓይነት ወለል እንደሆነ እናውቃለን። እጄ ለምዶ ቀባሁት፣ ጣልኩት። ኢዲል ጮኸችብኝ።

«ወርያ ጀዕፈር! አብደሃል እንዴ? ሰው የሚጠጣው ውኃ ውስጥ ሞራ ትነክራለህ?»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ገመዱ አላቆመም። ከእጄ እየሾለከ ወረደ፣ ወረደ። ውኃው ከላይ ሲታይ የተለመደው ደፍራሽ ውኃ ነው። ገመዱ ግን እስከ ጫፉ አለቀና ክንዴን ወደ ታች ጎተተኝ። ኢዲል ስድቧን ረስታ አጠገቤ ተንበረከከች።

«ወላሂ እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት» አለችኝ። «የሁለት ሰው ቁመት አይሞላም።»

እኩለ ቀን ነበር። ፍየሎቹ ከበርካው ራቅ ብለው ተደርድረው ያዩናል፤ አንዷም ለመጠጣት አልቀረበችም። ገመዱን ሁለታችን ስበን አወጣነው። ሞራው ላይ የተጣበቀው የጅጅጋ ጭቃ አልነበረም፤ ነጭ ሻካራ አሸዋና የዛጎል ስብርባሪ ነበር። ቀመስኩት። ጨው ነው። እኔ ይህን አሸዋ አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ዕድሜዬን በምላሴ ቀምሼዋለሁ። መሀሉ ላይ ጥፍር የምታህል ቀይ የቀለም ቅርፊት ነበረች። አንቺ በደብዳቤሽ ጥልቋ ጀልባ ሆዷ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው ብለሻል። ኢዲል ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኳት።

በማግሥቱ ሄጄ ስጥለው ቱንቢው ወዲያው ወለሉን ነካ፤ ቀይ ጭቃ ይዞ ወጣ። ኢዲል ግን ፍየሎቿን ነድታ ወደ ጉናጋዶ ከተማ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች። በርካው ክፍቱን ነው።

ፈርቻለሁ ልጄ። ከመርከብ ከወረድኩ ወዲህ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ያን ዓርብ ከበርካው ወደ ቴሌ ሮጥኩና አንቺ ስልክ የምትቀበይበት የዑባህ ሱቅ ደወልኩ። ዑባህ ደህና ሴት ናት፤ በአማርኛም በሶማሊኛም አጽናናችኝ። «ሐሙስ ጠዋት ጥልቋን ጀልባ ሊሞክሩ ወጥተዋል፤ ማታ እንመለሳለን ብለው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እደውላለሁ። «ነፋስ አጥተው አንዱ ደሴት ላይ ቆመው ይሆናል አባባ» ትለኛለች። ይሆናል እላታለሁ። ጥር ግን በዚያ ባሕር ነፋስ የሚጠፋበት ወር አይደለም፤ እሷም ወደብ ላይ ያደገች ናት፣ ታውቀዋለች።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው፦ ካታማራኗን ግዙ። ሳሃል ካኮረፈ አማቴ ጨቀጨቀኝ ይበል። ጥልቋ ላይ ካላችሁ፣ ውኃው ጠቆር ካለበት ሳትወጡ ተመለሱ፤ ነጣ ካለበት እንዳትጠጉ። በቀትር፣ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ብቻ ሂዱ፤ ድንጋዩ ያኔ ነው የሚታየው። ምክሩ እንዳይዘገይ ብዬ ቶሎ ቶሎ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢበላሽ አትቆጪኝ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ኸሊፍ ነው፤ ነገ ጠዋት የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ይነሳል። በእጅሽ እንጂ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ካላገኘሽ ይዞልኝ ይመለሳል።

እናትሽ የምታውቀው ነገር የለም። ለልጅሽ ኮፍያና ካልሲ ሠርታ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ ከደብዳቤው ጋር እንድልክልሽ ሰጥታኛለች። ልኬዋለሁ ብያታለሁ። አልላክሁትም፤ ጀሪካኖቹ ኋላ ደብቄዋለሁ። ኸሊፍ ደብዳቤውን ይዞ ቢመለስ እችለዋለሁ፤ ያንን ቋጠሮ ይዞ ቢመለስ ግን አልችልም።

አላህ ከባሕሩም ከነፋሱም ይጠብቃችሁ። የረገጥሽው ሁሉ የጸና መሬት ይሁንልሽ። ቋጠሮውን መጥተሽ ራስሽ ውሰጂው፣ ልጄ።

አባትሽ ጀዕፈር