ማግኔት የማይዘው ድስት

መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ከራጉኤል ወረድ ብሎ

ለክቡር አቶ ሀብተሚካኤል
የብሎክ ሰባት ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጋዝ ምድጃዬን ከፋሲካ በፊት እንዳስወጣ መታዘዜን ይመለከታል

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በጥር ወር የቤተሰብዎ አባል የሆነው ኢንዳክሽን ምድጃ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና ባለቤቴ ሙሉነሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የጋዝ ምድጃችንም እስከ መጋቢት 30 ቀን ድረስ ደኅና ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ጾሙን በሰላም እንዲያስፈጽምዎ፣ የወገብዎንም ሕመም እንዲያስታግስልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን ስለምለጥፈው ቆመው ለማንበብ ጤና ያስፈልግዎታል።

ግድግዳው ሥር ቆመው ለሚያነቡና ለማያውቁኝ ሰዎች ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ጥጋቡ እባላለሁ፤ ሁለተኛ ፎቅ እኖራለሁ። ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ አሉሚኒየም እያቀለጥኩ ድስት ማውጣት ከጀመርኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሕንፃ የእኔ ድስት የሌለበት ኩሽና ካለ እስካሁን አልሰማሁም፤ አዲስ ነዋሪ በገባ ቁጥር ሙሉነሽ አንድ ድስት አስይዛኝ እንኳን ደኅና መጣችሁ እንላለንና። እርስዎም ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከርዕሰ መምህርነት በጡረታ ተገልለው የገቡ ሰሞን፣ ባለ ሁለት እጀታ ትልቅ ድስት እንደደረሰዎት አይዘነጉትም።

የካቲት 25 ቀን የለጠፉትን፣ በቀይ እስክሪብቶም ሦስት ቦታ ያሰመሩበትን ማስታወቂያ እንደ ተማሪ ቆሜ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንደገባኝ ከሆነ እያንዳንዱ ቤት እስከ መጋቢት 30 ቀን ድረስ የጋዝ ሲሊንደሩን ከነምድጃው ከሕንፃው ያስወጣል፤ አቅም ያነሰው ለጊዜው በተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይቆያል፤ በመጨረሻ ግን ሁላችንም ዘመኑ ወደሚጠይቀው ኢንዳክሽን እንሸጋገራለን። በቀነ ገደቡ ያላስወጣ ሰው ቢኖር ኮሚቴው ራሱ ሰው ልኮ ያስወጣለታል። ስለዚህ ትብብርዎ በተለይ አመሰግናለሁ፤ ያንን ሲሊንደር ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ እስካሁን አንድም የኮሚቴ አባል አግዞኝ አያውቅም ነበር።

እንግዲህ መጋቢት 30 የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው፤ ፋሲካ በአራተኛው ቀን ይውላል። ሦስቱ ልጆቼ ከነልጆቻቸው የሚፈስኩት እኛ ቤት ነው። ሙሉነሽ ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርቱን ከጣደች ዶሮውን የምታወርደው ሲመሽ ነው። ደብዳቤዬ ቢረዝምብዎ እንኳ ጥያቄዬ አንድ መሆኑን ይወቁልኝ፦ ዶሮው በምን ይብሰል?

አንደኛ። ስለ ጋዝ ያለዎትን ሥጋት በታላቅ አክብሮት እቀበላለሁ። ታኅሣሥ ላይ ደረጃው ላይ ሸትቶ አስቸኳይ ስብሰባ ያስጠራዎት ጋዝ የእኔ ነበር። ያን ዕለት ሰው ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ሲጠረጥር እኔም አብሬ ቀና ብዬ ተመልክቻለሁ፤ ዛሬ ሦስተኛ ፎቅን በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጎማው አርጅቶ ተሰንጥቆ ኖሯል። በዚያው ቀን ቀየርኩት፤ ግን እውነቱን ልናገርና በጣም ደንግጬ ነበር፤ ሙሉነሽ ክብሪት በእጇ ይዛ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጎማውን የሳሙና አረፋ እቀባዋለሁ፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል። እስካሁን አንዲት አረፋ አልተነፋችም። ሆኖም ዱሮ አምስት ሳምንት ያቆየን የነበረው ሲሊንደር ከጥር ወዲህ በሦስት ሳምንት እያለቀ ፍርሃቴን አባብሶብኛል። ሙሉነሽን ብጠይቃት አንተ ሰው ሆድህ ጨምሯል ብላ አሳፈረችኝ። ስለዚህ ሥጋትዎን አልንቀውም። መፍትሔዎ ግን ጥርሱን ያመመውን ሰው መንጋጋውን እንደ መንቀል ነው።

ሁለተኛ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ለጊዜው እንድንቆይ ስለፈቀዱልን ውለታዎ አይረሳኝም። እኛም አንድ አለን፤ ከሁለቱ ሽቦዎቹ አንዱ ይሠራል። ችግሩ ከምድጃው ሳይሆን ከመብራቱ ላይ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጥሙ የሆነውን ያስታውሳሉ። አመሻሹ ላይ ሙስሊሙ ለማፍጠሪያው፣ ክርስቲያኑ ለእራቱ ምድጃውን በአንድ ጊዜ ሲያበራ የሕንፃው ብሬከር በየቀኑ ይወድቅ ነበር። አንድ ቀን አዛን ሊል ሩብ ሰዓት ሲቀረው አራተኛ ፎቅ ያለችው ካሚላ የጣደችው ሾርባ ግማሽ ብስል ሆኖ ቀረ። ባለቤቷ ጠሀ ድስቱን በፎጣ ይዞ፣ እንደ እህል በረንዳ ተሸካሚ መንገድ፣ መንገድ እያለ ሁለት ፎቅ ወርዶ እኛ ጋዝ ላይ ጣደው። ካሚላ ገና አላፈጠረችም፤ ሙሉነሽ ጾመኛ ስለሆነች ሥጋ የነካውን አትቀምስም፤ ስለዚህ የዚያን ሾርባ ጨው የለካ ምላስ አልነበረም። ቢሆንም ጠሀ እስከ ዛሬ እያነሣ ያመሰግነዋል። ማስታወቂያዎ ያን ጊዜ በሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ አራተኛ ፎቅ በቴምርና በውኃ ባደረ ነበር።

ሦስተኛ። ኢንዳክሽንን የምጠላው እንዳይመስልዎት። ዱባይ ተራ ድረስ ሄጄ ሻጩ እስኪሰለቸኝ ድረስ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ በመብራትና በማግኔት ይሠራል፤ እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ድስቱን እንጂ ቤቱን አያሞቅም። እንደ ባለሙያ ባርኔጣዬን አንሥቼለታለሁ። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፤ ማግኔት የማይዘውን ዕቃ ጨርሶ አያውቀውም። ሸክላ ቢጥዱበት፣ መዳብ ቢጥዱበት፣ የእኔን አሉሚኒየም ቢጥዱበት፣ ምንም እንዳልተጣደበት ቆጥሮ አላሞቅም ይላል።

የካቲት 22 ቀን በጠቅላላው ስብሰባ ይህንኑ በዓይናችን ስላሳዩን ማኅበሩ ያመሰግንዎታል። ምድጃውን ግቢው መካከል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ከጎረቤታችን ከስንታየሁ ቤት በተዋሱት ድስት ውኃ ጣዱ፤ ድስቱ የማን ሥራ እንደሆነ መናገር አያሻም። ምድጃው ጢጥ ጢጥ አለ። እርስዎ መብራቱ አቅም አንሶት ነው አሉ። እንደገና ጢጥ ጢጥ ሲል ሰልፍ ያበላሸ ተማሪ እንደሚቆጡ ተቆጡት። በመጨረሻ ጥበቃችን ጋሼ ካሳ እጃቸውን የሚታጠቡበት የዱቄት ወተት ጣሳ ተጣደና ዓይናችን እያየ ፈላ። በቃለ ጉባኤው ላይም ሙከራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ ተብሎ ተጻፈ። ጣሳን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቀጥለውም እርስዎ ቤት ከጥር ጀምሮ ጋዝ እንደወጣ፣ በዚያው ቀን የበሉት ምስር ወጥ ዕድሜ ልክዎን ከበሉት ሁሉ እንደሚበልጥ፣ በጋዝ ከበሰለው ጋር ያለውን ልዩነት ምላስዎ ወዲያው እንደሚለየው ነገሩን። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

አራተኛ ብዬ ልጽፈው የነበረው ነገር ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠውም። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት ሱቄ መጣች። ትልቁን ድስት አነሣች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ በጣቷ ቆረቆረችው፤ ፊቷን አይቼ እንደወደደችው አወቅሁ። ከዚያ ከቦርሳዋ ከአሮጌ ራዲዮ የተነቀለ ማግኔት አውጥታ ድስቱ ቂጥ ላይ ለጠፈችው። ወደቀ። አንሥታ ደገመችው፤ ደግሞም ወደቀ። ጋሼ ይቅርታ፣ የእኛም ኮሚቴ አዟል ብላ፣ ከልቧ አዝና፣ ሄደች። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ድስትህ ወፍራም ነው፣ ስስ ነው፣ እጀታው ያቃጥላል ያለኝ ደንበኛ ሞልቷል። ሥራህ ድስት አይደለም ያለኝ ግን ያ ማግኔት የመጀመሪያው ነው። አመመኝ፤ ሌላ የምለው ቃል የለኝም። ከቀትር በፊት ሱቅ ዘግቼ የማላውቅ ሰው ያን ቀን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤት ስገባ ያየሁትን ነገር በደብዳቤው መጨረሻ እመለስበታለሁ።

በማግሥቱ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ሦስት ድስቶች ከሥራቸው የብረት ሰሌዳ አልብሻቸዋለሁ። አንዱ ተጣመመ፤ አንዱ ሲሞቅ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ሦስተኛው ግን ማግኔት ይይዛል፣ የዱባይ ተራው ሻጭ ኢንዳክሽንም እያቅማማ ያሞቀዋል። ጊዜ ከሰጡን እኛም እንማራለን ማለቴ ነው። እርስዎ ስንቱን ሰነፍ ተማሪ ክፍል እያስደገሙ ለቁም ነገር አብቅተዋል፤ ለአንድ ድስት አምስት ሳምንት ብቻ መስጠትዎ ከእርስዎ ትዕግሥት ጋር አልሄድልህ ብሎኛል።

ስለሆነም በትሕትና የምለምነው ይህን ነው። የሚበስልበት ነገር እያለን ድስታችንን ሁሉ ጥለን ሌላ ማሳደድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አባቶቻችን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ያሉት ስለ ምድጃ ባይሆንም ለምድጃ ይሠራል፤ ጋዝ ሲጠፋ መብራት፣ መብራት ሲጠፋ ጋዝ ይኑረን። ሲሊንደሮቹ ከኩሽና ወጥተው በረንዳ ላይ ይቁሙ። የየቤቱን ጎማ በየወሩ እየዞርኩ በሳሙና አረፋ የምፈትሸው እኔ ራሴ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ያስደነገጠ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይጠነቀቃል። ኢንዳክሽን የፈለገ፣ ድስቱንም ያገኘ፣ ይግዛ፤ እኔም መርቄ አስገባለታለሁ። ቀነ ገደቡ ግን ቢያንስ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይሁንልን። በዚህ ሐሳብ የተስማሙ የሃያ ሦስት ነዋሪዎች ፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ልብዎ እንዳይደነግጥ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ቢያነቡት እመክራለሁ።

ትእዛዝዎን ቆሞ ያነበበ፣ ጢጥ ጢጥ ሲል ያልሳቀ፣ ሲጨበጨብም ያጨበጨበ፣ ክብርዎንና ድስቱን እኩል የሚወድ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ፣

ጥጋቡ (ባለ ድስቱ)

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው አባላት በሙሉ
ለሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች (ከይቅርታ ጋር)
ለጥበቃ ክፍል፣ ለጋሼ ካሳ (ጣሳቸው እስካሁን ስላልተመለሰ)

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ስገባ ምድጃዬ ላይ ሁለት ድስት ተጥዶ አገኘሁ። አንዱ የእኛ ነው። ሌላው ከስድስት ዓመት በፊት እንኳን ደኅና መጣችሁ ብዬ ያመጣሁልዎት መሆኑን እጀታው ሥር ካለው ምልክቴ ለየሁት። ማማሰያውን የያዙት ባለቤትዎ እትዬ ባይነሽ ነበሩ። ቤትዎ ካለው ዕቃ ሁሉ ኢንዳክሽንዎ የተቀበለው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎም ለአገር ምድሩ ካወጁ በኋላ ማሳፈሩ ስለከበዳቸው፣ ወጥዎ ከጥር ጀምሮ እኛ ቤት እንደሚሠራ ነገሩኝ። የሲሊንደሩም የሆዴም ነገር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ፣ በፊርማው ዝርዝር ላይም አንደኛ የሆኑት ራሳቸው ናቸው፤ በቃል ቢነግሩት አይሰማም፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ግን ያነባል ብለዋል። ሙሉነሽም ምስር ወጡን ስላደነቁላቸው ሁለቱም እንደሚያመሰግኑ ንገርልኝ ብላለች። መጋቢት 30 ቀን ምድጃዬን የሚያወጡ ሰዎች ሲልኩ ግን እባክዎ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት የእርስዎ ወጥ ይጣድበታል።