በርበሬሽ ደረቅ ነበር

አይ፣ በርበሬሽ ደረቅ ነበር። ካንቺ እጅ ሲወጣ ሲነኩት ይንኮሻኮሽ ነበር። ማንም መጥቶ የሸዋአለም በርበሬ እርጥብ ነው፣ ዘንድሮ ዝርክርክ ሆናለች ቢልሽ አፉን አስይዢልኝ። አንቺ አልጠየቅሽኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ወሬ ከእኔ ደብዳቤ ቀድሞ መተማን ይሻገራል ብዬ ፈራሁና ከሰላምታው በፊት እሱን አስቀደምኩ። ወሬውን ያወጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ። እሱንም እነግርሻለሁ። ዮሳቤጥዬ፣ የልጅ ልጄ፣ ለእህቴ ለአያትሽ ስታነቢ ምንም እንዳታልፊ፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር አንብቢላት።

እንዴት ከርመሻል ሸዋዬ? ያ ብርድ ሲሆን የሚይዝሽ ወገብሽ እንዴት ነው? ባልሽ ያረጋል ዓይኑን ታየ ወይስ አሁንም ሐኪም ሲሉት በሬ ጠፋብኝ ብሎ ይሸሻል? ልጅሽ ሻምበል ሚስት አገባ ወይስ እየመረጠ ሊያረጅ ነው? ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ ደጁ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ እንደምታይኝ ነኝ እንዳልልሽ አታይኝም። ነፍሴ አለች፣ እግሬም ይሄዳል። ሌላው ግን እንዳለ የለም።

የሱቄን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ካርቱም ሱቅ ዐረቢ አንድ ቦታ ተቀምጬ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮሰረት ስሸጥ ጁምዓ፣ ዓርቡ፣ የእኔ ቀን ነው። በዐማራት ሰፈር በየአረቡ ቤት የሚሠሩት ልጆቻችን በሳምንት ያቺን አንድ ቀን ይወጡና በሚኒባስ ተጭነው እኔ ዘንድ ይወርዳሉ። ማንም ሳይቀምስ አይገዛም። መዳፏን ትዘረጋለች፣ ቆንጥሬ አደርግላታለሁ፣ ትልሰዋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ስድቡ ይጀመራል። ዝንጅብሉ አነሰ ትላለች አንዷ። ሌላዋ እትዬ ዝናሽ ዘንድሮ ጨው ወዳጅ ሆነሻል ትላለች። እኔም ያንቺ ምላስ ነው በፉል የደነዘዘው እላታለሁ። ተሰዳድበን፣ ተሳስቀን፣ ትገዛና ትሄዳለች። እኔ እንግዲህ ሚዛን ኖሮኝ አያውቅም። ቅመሙን በአፍንጫዬ እየለካሁ እቀላቅላለሁ፣ ብሳሳት የመጀመሪያዋ መዳፍ ትነግረኛለች። እስከ ዛሬ የኖርኩት እንዲህ ነው።

መጋቢት ላይ ይሄ በሽታ መጣ ሲባል ገበያው አበደ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሽሮው፣ ምስሩ፣ በርበሬው፣ ያረጀው ድርቆሽ ሳይቀር ተጠርጎ ሄደ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። እሰይ ዝናሽ፣ በስተርጅና ቀናሽ አልኩ። ለካ የሦስት ወሩን በአንድ ሳምንት ገዝተው መጨረሳቸው ነው። ከዚያ የኡምዱርማን ድልድይ ተዘጋ፣ ሐዝር፣ የእንቅስቃሴ እገዳ፣ ተባለ፣ ያለ ተስሪህ፣ ያለ መውጫ ፈቃድ፣ ከቤት መውጣት ቀረ። አረቦቹም ልጆቹን ጁምዓ ወጥታችሁ በሽታ ታመጡብናላችሁ ብለው ቆለፉባቸው። ልጄን ሜላትን፣ የዮሳቤጥን እናት፣ ራሷን ከሦስት ወር በላይ በስልክ ብቻ ነው ያወራኋት፣ ዐማራት አሠሪዎቿ ቤት ተዘግቶባት። ከእኔ እስከ እሷ በሚኒባስ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ገበያው ትንሽ ከፈት ሲል ደግሞ የመጣው ሰው ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ሱቄ ፊት ገመድ አስወጠሩኝ። ገዢው ከገመዱ ወዲያ ቆሞ፣ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በጣቱ ያንን ስጪኝ ይላል። መዳፍ የሚዘረጋ ጠፋ። በእጄ ቆንጥሬ ላቅምስሽ ብላት አንዷ እባብ ያሳየኋት ይመስል ወደ ኋላ ሸሸች። አልፈርድባትም።

ከጎኔ የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጠው ሜሮን ሰርግ ሲቀር ቀሚሱን የሚያይላት አጣች። እሷ እንደ እኔ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። በስልኳ የገበያውን እህል ፎቶ እያነሳች ትልካለች፣ ሰዉ ያዛል፣ በረክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። እትዬ ዝናሽ፣ በርበሬሽን በፕላስቲክ አሽጊው፣ እኔ እሸጥልሻለሁ አለችኝ። በርበሬ እንደ ከረሜላ ይታሸጋል ወይ ብዬ ሳቅኩባት። ችግሩ ሲብስብኝ ግን በሻማ እሳት የፕላስቲኩን አፍ እያቀለጥኩ ማሸግ ለመድኩ።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ግንቦት ላይ ያዘኝ። ዘጠኝ ቀን አተኮሰኝ፣ ሜሮን ውሃና ሾርባ ደጄ ላይ እያስቀመጠች ትሸሽ ነበር። ስነሳ ነጭ ሽንኩርት ላጥኩ፣ ምንም አይሸተኝም። ጋዙን ከፍቼ አሸተትኩ፣ ምንም። ሳሙናም፣ ሎሚም፣ የራሴ ላብም። ምላሴ ማቃጠሉን ያውቃል፣ ሌላ አያውቅም። ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ። ታማ ነበር ከተባለ ማን ደጄ ይደርሳል? አፍንጫዋ ጠፋ ከተባለስ ከእኔ ምን ይገዛል?

ሹፌሩ ሰማኸኝ የላክሻቸውን ስድስት ጆንያዎች ያደረሰልኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ድንበሩ ተዘግቶ መተማ ላይ ሸራ ለብሰው ከርመው፣ ዝናብ መትቷቸው። ይሄን ሰው እግዜር ይባርከው፣ አልደበቀኝም። «እትዬ ዝናሽ፣ ከመፍጨትሽ በፊት እያንዳንዱን አሽቺው፣ ውስጥ ውስጡን ሳይዘው አይቀርም» አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ሰው እያየኝ አፍንጫዬን ጆንያ ውስጥ ከትቼ ሳብ አደረግኩና የእህቴ እጅ እንዳለ አለ፣ አልኩት። እሱም የእኔን አፍንጫ አምኖ ሄደ። ከላይ ቀይ ነበር ሸዋዬ፣ ያማረ ቀይ። ሁለት ቀን ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታሁትና ስድስቱንም አስፈጨሁት። ቅመሙንም በእጄ ልማድ ጨመርኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አለቀ። ታሽጎ፣ በረክሻ እየተጫነ፣ ካርቱም ሁለት ሰፈር ሄደ፣ ዐማራት ሄደ፣ ድልድዩ ሲከፈት ኡምዱርማንም ተሻገረ። አንድ ሰው እንኳ ዝንጅብሉ አነሰ አላለኝም። ዝምታው ምስጋና መሰለኝ። እንዲህም መሸጥ አለ ለካ፣ ያለ ጭቅጭቅ፣ ያለ ስድብ አልኩ። ድሮ ቢሆን የመጀመሪያዋ ሴት ልሳ ፊቴ ላይ ትተፋው ነበር፣ በአንድ ቁንጥር ያልቅ ነበር። አሁን ስንት ቤት ወጥ ካበላሸ በኋላ እንኳ የሚነግረኝ አልነበረም። ሰዉ አይጣላም፣ አይመልስም፣ ዝም ብሎ ሌላ ያዛል። እንቁጣጣሽ ደርሶ በርበሬ የሚያዝ ሲጠፋ ሜሮንን ስልክሽ ተበላሽቷል ወይ አልኳት። መሬት መሬቱን አየች። ካርቱም ሁለት ካለው ትልቅ ሱቅ የፋብሪካውን ይገዛሉ እትዬ አለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን ደፍራ አልነገረችኝም።

የነገረችኝ መሠረት ናት። ጎንደር አስተማሪ የነበረችው፣ በፖለቲካው ጊዜ ተሰዳ የመጣችው፣ ሃያ ዓመት ከእኔ ውጭ ከማንም ያልገዛችው። መስከረም ላይ በእግሯ መጣች፣ ፕላስቲኩን በእጇ ይዛ። ገመዱን ከፍ አድርጋ ገባች። ሦስት ሴቶች ቆመዋል። «ዝናሽ፣ ይሄ ሻጋታ ነው። የባሌን የሙት ዓመት ወጥ በሙሉ ደፋሁት» አለችኝ።

እኔም ያንን አልኩ። እህቴ ናት እርጥብ የላከችብኝ፣ ዘንድሮ ሳታደርቅ አሳስራ ላከችው አልኩ። በሦስት ሴቶች ፊት ነው ያልኩት። እዚህ ጋ ዮሳቤጥ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ። አንቺ በእበት በተለቀለቀ ወለል፣ በፀሐይ፣ እየገለበጥሽ ጣትሽ እስኪላጥ ያደረቅሽውን እርጥብ ነው አልኩብሽ። የመተማን ዝናብ አላነሳሁም። ዝናቡን ካነሳሁ ሳታሸቺው ነው ወይ የፈጨሽው እባላለኋ።

መሠረት ወደ እኔ ተጠጋች። የፊቷን ጨርቅ አወረደች። እጄን ያዘችና ዘረጋችው፣ ከፕላስቲኩ ቆንጥራ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ያደረግኩትን ለእኔ አደረገችልኝ። ላስኩት። አቃጠለኝ፣ በቃ። ፊቴን ጭምድድ አላደረግኩም፣ አልተፋሁም፣ ስታየኝ ቆየች። «አይሸትሽም አይደል?» አለችኝ፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙ ቀስ ብላ። ያን ቀን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቋን መልሳ ለበሰችና ሄደች።

ሜላት አሠሪዎቿ ሲለቋት መጥታ የቀረውን ከፍታ ገና ሳትጎነበስ ወደ ደጅ ሮጠች። ደፋነው። አንቺ እንግዲህ ሜላት ታሽትልሽ ትዪኝ ይሆናል። ልጄ እዚሁ አድጋ የበርበሬ ነገር ያቃጥላል አያቃጥልም ብቻ ነው የምታውቀው። ሻጋታን ማንም ያውቃል፣ በሶብላው ሲበዛ ድንብላሉ ሲያንስ የሚያውቀውን አፍንጫ በአንድ ክረምት አልሰጣትም። የእኔን ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አሳየሁት። ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። ይሄን እኔም አውቅ ነበር፣ ያውም ሳልማር። ጠዋት ጠዋት ሎሚ እቆርጣለሁ። አምስት ወሩ ነው።

ሜሮን አትከፋም። የፋብሪካውን እሽግ በሱቅሽ ልደርድርና አንቺ ቁጭ በይ፣ ሰዉ ፊትሽን ያውቀዋል ትለኛለች። ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ፎቶ መሆኔ ነው። የሚመጡትም ቢሆን ፊቴን አያዩም፣ ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ቀን ነው የሚያነቡት። ልጆቹ ጁምዓ መውጣት ጀምረዋል፣ በፊቴ ያልፋሉ፣ እትዬ እንዴት ነሽ ይላሉ፣ መዳፋቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ነው። በሽታው ቢያልፍም የሚመለሱ አይመስለኝም ሸዋዬ። ሳይቀምሱ መግዛት ለመዱ። ሳይናገሩ መተውም ለመዱ።

እንግዲህ ዘንድሮ በርበሬውን እዚያው ቡሬ ገበያ አውጪው። ነጋዴዎቹ ዋጋ እንደሚያዋርዱብሽ አውቃለሁ፣ ለእኔ ብለሽ ከእነሱ ጋር ስንት ዓመት ተኳርፈሽ። ይቅር በይኝ። የዮሳቤጥን የትምህርት ብር ሜላት እየሠራች ትልካለች፣ ልጅቷን ከትምህርት እንዳታስቀሪያት። መሠረትንም ቤቷ ሄጄ በርበሬው ደረቅ ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብያታለሁ። ከሦስቱ ሴቶች ግን ያገኘኋት አንዷን ብቻ ነው። ሁለቱ ያንቺን ስም ክፉ እንደሰሙ የት እንደገቡ አላውቅም፣ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ባዶዎቹን ጆንያዎች ሰማኸኝ ያመጣልሻል። አንቺ ሞልተሽ የአፋቸውን ጠርዝ ዙሪያውን በቀይ ክር ስትዘመዝሚ፣ እኔ ገልብጬ ክሩን ሳልነካ ስመልስ፣ አንቺም ክሩን አይተሽ ድጋሚ ስትሞዪ ኖርን። አንድም ዓመት ሙይልኝ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም፣ ክሩ ይናገር ነበር። ዘንድሮ አጥቤያቸዋለሁ። ይሸቱ እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺ አሽችያቸው።

ያረጋልን ዓይንህን ታከም በይልኝ፣ እኔ ደህና ነው ብዬ የቆየሁትን አይቶ ይማር። ሻምበልን ሳሚልኝ፣ ቶሎ ያግባ። ዮሳቤጥዬ እናትሽ ናፍቀሻታል፣ ጉንጭሽን ስማሻለች። የበሬው ስም ጠፋኝ እንጂ እሱንም ሰላም በይልኝ። ለንስሐ አባትሽም እንዲጸልዩልኝ ንገሪያቸው፣ ስሜን ዝናሽ…

ሰማኸኝ መጥቶ በሩን እየደበደበው ነው፣ መኪናው ቆሟል፣ ያላ እትዬ ጆንያዎቹን አውጪልኝ ይላል። ስድስቱንም ጠቅልዬ አስሬያቸዋለሁ። ስትፈቻቸው ክሩን እንዳትፈልጊው። ትናንት ቁጭ ብዬ ተርትሬዋለሁ።

ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ
ጥቅምት 15 ቀን 2013