የወንድሜ በርኖስ

ጥቅምት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

እኔ ኃጢአተኛዋ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናዘዛለሁ፤ ዛሬ የወንድሜን በርኖስ ሰርቄያለሁ። ይህንንም የምጽፈው ቆጥ ላይ ወጥቼ፣ እሱኑ ተቀምጬበት ነው።

ጓደኞቹ ከግንባር ሲመለሱ እሱ አልመጣም። መርዶም አልመጣ። አባባና ሽማግሌዎቹ ግን ነገ ለቅሶ ይቀመጥ ብለዋል። አስከሬን ከሌለ ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚለቀሰው። ትቶት የሄደው ልብስ ደግሞ ይህ በርኖስ ብቻ ነው። የበግ ጠጉሩን ፈትላ ያሠራችለት እማዬ ናት፤ እሷ ዛሬም "ይመጣል" ትላለች። ለእሷ ብዬ ደበቅሁት።

የበርኖሱን ፍለጋ የመሩት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ደምሴ ናቸው፤ ዱላቸውን ጨብጠው "ዱላዬን ያያችሁ" የሚሉት። ጎታው ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው፣ "አይጥ በልቶት ይሆናል" አሉ።

"አያ፣ ሙሉ በርኖስ? አይጥ ነው ጅብ?"

"ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!"

ግን እስከ መቼ እደብቀዋለሁ? እውነት ሞቶ ከሆነስ? በርኖሱ አሁንም እሱን እሱን ይሸታል። ምን እንደማደርግ አላው...

እማዬ ከታች ጠራችኝ። ድምፅዋ ቁጣ የለውም።

"አስካለ፣ እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ። አምጪው ልጄ፣ ላልቅስበት።"