ሁለቱን ብሎኖች አጥብቄ ነበር?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

የአዲሱ ብስክሌቴ ካቴና ዛሬ ደረሰ። ከፋርማሲው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቤት። ሳሎኑ ጋራዥ ሆኗል... ቴላዮው፣ የብስክሌቱ አጽም፣ ሶፋው ላይ ተጋድሟል፣ ጎማዎቹ ቴሌቪዥኑን ጋርደውታል። እናቴ ደወለች። "ዩና፣ በአርባ ስድስት ዓመት ሰው ብስክሌት አይገጣጥምም፣ ባል ይፈልጋል።" ባሉን ሞክሬዋለሁ። እሱ መመሪያ ወረቀት የለውም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

አለቀ። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ሁሉንም ብቻዬን ገጠምኩ። ጡረተኛው ፖስተኛ ሙርዶ፣ የብስክሌት ቡድናችን አለቃ፣ ብሎኑ ጠብቆ ሲበቃው ቀጭ የሚለውን መፍቻ አውሶኝ ነበር፤ ከሰዓት መጥቶ ወሰደው። "አንዴ ልፈትሽልሽ?" ሲለኝ "አያስፈልግም" አልኩት። ለምን እንዲያ ቶሎ? ባለፈው ክረምት ፔዳሌ መንገድ ላይ ወልቆ አንድ ወር ሙሉ ስለሳቁብኝ ይሆናል።

ለጓደኛዬ ለሴንጋ ፎቶ ላክሁላት። "ከሠርግ ልብሴ ያምራል" አለች። ነገ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 12

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት መኪና ውስጥ፣ ከከተማችን ከፒብልስ ሳልወጣ፣ ድንገት መጣብኝ። ትናንት መሪውን ከፊት ጎማው ጋር ለማስተካከል ሁለቱን ብሎኖች አላልቼ ነበር። እናቴ ደወለች። ከዚያስ? ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ? የፍሬኑን አስታውሳለሁ። የመሪውን... ምንም። ካልጠበቀ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል። በበረዶ፣ በቁልቁለት፣ በዛፎች መሃል።

መኪና ማቆሚያው ላይ የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ብስክሌቱን ከበቡት። ሙርዶ "ብሎኖቹስ?" አለኝ። ኪሴ ውስጥ ትንሽ መፍቻ ነበረች። "ሁሉንም አጥብቄያለሁ" አልኩ። ሰው ፊት ጎንበስ ብሎ መፈተሽ አሳፈረኝ። በኋላ ዛፍ ተከልዬ አየዋለሁ ብዬ... ብስክሌቱን እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ። "ሙሽራዋ እንዳትቆሽሽ ነው?" አሉኝ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። እኛ ዘንድ አዲስ ብስክሌት በመጀመሪያ ቀኑ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ያየው ሁሉ ይሞክረዋል። ጫፉ ላይ መፍቻዋን ላወጣ ጓንቴን ሳወልቅ ሴንጋ ኮርቻው ላይ ወጥታለች። ሃያ ዓመት ጓደኛዬ የሆነች፣ በሴፕቴምበር ትከሻዋ ተሰብሮ ገና የዳነች። "እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ብቻ" አለች።

ዝም አልኩ። ስንት ሰከንድ? አምስት? ስድስት? ቀይ ጃኬቷ ወደ ዛፎቹ ሲያዘቀዝቅ ነው ድምፄ የወጣው።

"ሴንጋ፣ ቁሚ። መሪው አልጠበቀም። ቁሚ።"

አልሰማችም። በረዶው ውስጥ ሮጥኩ፣ ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ጮህኩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሰምታኝ አይደለም። "መሪሽ የሆነ ነገር ሆኗል" አለች፣ ፈገግ እያለች። ሙርዶ ደረሰ። የፊት ጎማውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ መሪውን ገፋው። ዞረ። እንደ በር እጀታ። ጎማው ንቅንቅ አላለም።

ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው።

"ታውቂ ነበር?" አለችኝ ሴንጋ።

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ከመቼ?"

"ከጠዋት ጀምሮ።"

ብስክሌቴን ሰጠችኝና የራሷን ልታመጣ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ዞር ብላም አላየችኝ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ዓይኔን ስጨፍን ቀይ ጃኬት። ደወልኩላት። አላነሣችም።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

የሴንጋ ባል ፋርማሲ መጣ። ለልጁ የሳል ሽሮፕ። "ዩና" አለኝ፣ ሌላ ምንም። ስሰጠው መጠኑን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ለሽሮፕ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ላለመሄድ ወስኜ ነበር... ሄድኩ። ሰው ሁሉ እያየ ተንበርክኬ እያንዳንዱን ብሎን ፈተሽኩ። "ቤተ ክርስቲያን መሰላት እንዴ?" አለ አንዱ። ይሳቅ። ሴንጋ መጥታለች። ከመኪናዋ ማዶ ቆማ ከፔርሙስ ሾርባ ትጠጣለች። ሰላም አላለችኝም። ከቁልቁለቱ ይልቅ እሷን ፈራሁ።

ጫፉ ላይ በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል፣ መስታወት ሆኗል። ሙርዶ "ሁሉም ዝግጁ?" አለ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ እየተባለ እኔ ጋ ደረሰ።

"አይደለሁም" አልኩ። "ፈርቻለሁ።"

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ጆሮዬ ጋለ።

"እኔም" አለ ድምፅ ከኋላ። ሴንጋ። "መኪናው ውስጥ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ።"

ሙርዶ ቁልቁለቱን አየ፣ እኛን አየ። "እኔማ ከቁርስ ጀምሮ ነው" ብሎ ከኮርቻው ወረደ።

ዘጠኛችንም እየገፋን፣ እንደ ሽማግሌ እየተንሸራተትን ወረድን። መሃል ላይ አዳለጠኝና የሴንጋን እጅጌ ያዝኩ።

"ከወደቅሽ ብቻሽን ውደቂ" አለችኝ። እጅጌዋን ግን አላስለቀቀችኝም።