ለስቅለት የተለማመድሁት ስግደት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16፣ ጠዋት

ዛሬም ወገቤን ይዤ ከአልጋ ወረድሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ አቶ ሞላ ያሳየኝን ሠራሁ፤ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ። ባጃጅ ተገልብጦብኝ ከተጎዳሁ ዓመት ከመንፈቅ። አጥንቱ ድኗል ይላል ሞላ። ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ? የማጎንበስ ፍርሃቱም ይታከም ብሎ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ላከኝ። አብዳለች ማለቱ መስሎኝ ተቆጣሁ። ግን እሄዳለሁ። ቤት ብውልስ፣ ካንተ ከማስታወሻዬ በቀር ማን አለኝ?

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ባለሙያዋ ወ/ሪት ሰናይት ልጅ እግር ናት። የሚፈሩትን ይጻፉ አለችኝ። ጻፍሁ፦ ካጎነበስሁ ወገቤ ይቆረጣል። ማስረጃውስ? አለች።

ምን እንደምመኝ ጠየቀችኝ። ለስቅለት መስገድ፣ አልኋት። አምና ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ዋልሁ። የንስሐ አባቴ ናቸው ያሉኝ፤ «እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ፣ አንቺ ይቅርብሽ።» በደግነት። ከዚያ ወዲህ ቤ/ክ መሄዱንም ተውሁት። ጎረቤቶቼም አርፈሽ ተቀመጪ አሉ። አርፌ ተቀመጥሁ። አሁን የሚጠራኝም የለ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሞላና ሰናይት ተመካክረው ቀስ በቀስ አወረዱኝ። መጀመሪያ እጄን አልጋው ላይ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለው የዱካ መቀመጫ ላይ። ዛሬ ወለሉ ላይ! ግንባሬ ምንጣፉን ነካ። አመመኝ። አልተቆረጠም።

ለማን ልንገር? ልጄ ስልክ አያነሣም፣ ሥራ ላይ ነው። ወደ ጣና ዳር ወጣሁ። ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይንሸራሸራል። አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጬ አለቀስሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሕማማት ገባ። ከቤ/ክ በር ተመለስሁ። አዲስ ፍርሃት፦ ብሰግድ «ድሮም የታመመች አስመስላ ነው» ይሉኛል። ማስረጃ፦ የሰፈሬ ምላስ። ሰናይት በስልክ ሳቀች። ቢሉስ? አለችኝ።

ቢሉስ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10፣ ማምሻውን

ሰገድሁ። ሁሉንም አይደለም፤ እያረፍሁ። ወገቤ ያቃጥለኛል፣ ግን ቆሜ ቤቴ ገባሁ።

ወደ ማብቂያው ለጥብጠባ ተሰለፍሁ። ቄሱ ሰውን ሁሉ ጀርባውን በወይራ እየመቱ የስግደት ቁጥር ያዝዛሉ። የንስሐ አባቴ ነበሩ። ሲያዩኝ ወይራውን ዝቅ አደረጉት። ለአንቺስ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃሻል አሉ።

«እንደ ሰው ይዘዙልኝ፣ አባቴ» አልኋቸው።

ወይራውን መልሰው አነሡ። ከዚያ ጀርባዬን መቱኝ፣ ሳይሳሱልኝ። ከሌላው እኩል አዘዙኝ። ነገ ለቅዳም ስዑር ቄጠማ ይዘው ቤቴ እንዳይደክሙ፣ እኔው መጥቼ እቀበላለሁ ብያቸዋለሁ።