ለሁሉም እና ለጋሽ ተክሌ ብቻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1982

የጅማው ቅርንጫፍ ኃላፊ ዛሬ ደውሎ፣ ደብዳቤያችሁ የተጻፈው በ1989 ነውና ሰባት ዓመት ልጠብቅ ወይስ ዛሬውኑ ልፈጽም ብሎ ጠየቀ። መቀለዱ ነው። ኑሪያ ስልኩን እንደያዘች በሳቅ ሞተች፤ እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ተክሌ ግን አልሳቁም። ደብዳቤው የእሳቸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ አለዚያ ለራሴም ይምታታብኛል። ቢሯችን ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ የምንሠራበት ደግሞ ሦስት ነን። ጋሽ ተክሌ ለየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ በአማርኛ ይጽፋሉ። እኔ መለዋወጫ ለሚልኩልን ፈረንጆች በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ኑሪያ የዕቃውን ሰንጠረዥ ትሠራለች። ጠዋት ሲከፈት ማሽኑ መጀመሪያ ቀኑን ይጠይቃል። የተነገረውን ቀን የደብዳቤው ፕሮግራም በየደብዳቤው ራስጌ ላይ በራሱ ያሰፍረዋል።

ቀድመው የሚገቡት ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ ልደታን ተሳልመው በቀጥታ ቢሮ። ቀን ሲጠየቁ የሚያውቁትን ቀን ይመልሳሉ፣ የኛን። ጳጉሜ ላይ ማሽኑ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ሲመልስባቸው፣ ጳጉሜን የማያውቅ ምን ሊያውቅ ነው ብለው ቀኑን ሙሉ አኮረፉት። ባለፈው ሳምንት ግን የእኔ የፈረንጅ ደብዳቤ በ1982 ወጣ። ዋና መሥሪያ ቤት በቀይ አክብቦ መለሰው። ኃላፊያችን ጓድ ፍቅሩ ያኔውኑ ለማሽኑ የፈረንጅ ቀን ብቻ ይነገረው ብሎ አዘዘ። የፈረንጁን ቀን እኔ ሞላሁት፣ የጋሽ ተክሌም ደብዳቤ በዚያው ወጣ፤ ይኸው አሁን ደግሞ ጅማ ይስቅብናል።

ጓድ ፍቅሩ ይህን ሰምቶ ከቢሮው ሳይወጣ የተናገረው ነው ያስጨነቀኝ። «ጓድ ተክሌ ከማሽኑ ጋር ካልተስማሙ ናዝሬት መጋዘን ሰው እየጠየቀ ነው» አለ። ጋሽ ተክሌ ናዝሬት ሄደው ባለቤታቸውን እትዬ ዘነበችን ማን ሐኪም ቤት ያደርሳታል? ኩላሊቷ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ክንዷን ይዘው የሚወስዷት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ልጅ አላቸው ከተባለ እኔ ነኝ፤ ታይፕ ያስተማሩኝ ጣቶቼን በእርሳስ ቀስ አድርገው እየመቱ ነው።

ማክሰኞ

ቤት ውስጥም ነገር አለ። አባባ ትናንት ደም ብዛት አለብህ፣ ጨው ተው ተባለ። እማማ ደግሞ ግማሽ ነገር አታውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጨው የሚባል የለም ብላ የጨዉን ጣሳ ደበቀችው። ለሁላችንም! ወንድሜ ደረጀ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ በኪሱ ይዞ ይበላል። እኔ እስካሁን ችዬዋለሁ።

ዛሬ ግን ድል አድርጌያለሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሁሉን የሚወስን ገጽ አገኘሁ። ኅዳጉ ስንት ይሁን፣ ራስጌው ላይ ምን ይውጣ፣ ፊደሉ የቱ ይሁን፣ እዚያ ነው የሚወሰነው። የማሽኑ ቀን ራስጌው ላይ እንዳይወጣ ዘጋሁትና በቦታው በአማርኛ ፊደል «ጥቅምት ... ቀን 1982» እንዲወጣ አደረግሁ፤ ዕለቱን ብቻ በእጅ መሙላት ነው። ስጨርስ ለሁሉም ይሁን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። በዚህ ዘመን ለሁሉም አይሁን የሚል ማን አለ?

ጋሽ ተክሌ ለደሴ የጻፉትን አትመው ሲያዩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። ተመልሰው ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ እስከ ቤታችን፣ እስከ ጌጃ ሰፈር ድረስ በእግሬ መጣሁ።

ረቡዕ

ምነው እጄን በቆረጠው።

ጠዋት ኑሪያ የወሩን ሰንጠረዥ አተመች። «ጥቅምት» የምትለዋ መስመር ከላይ ገብታ ሁሉን ወደ ታች ገፍታዋለች። ድምሩ ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወድቋል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምር። ኑሪያ ተናዳ ሁለቱንም ገጾች ጠረጴዛዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች። ቀጥሎ ጓድ ፍቅሩ ራሱ የሚፈርምበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ወጣ። ማተሚያው ለእንግሊዝኛ ደብዳቤ የአማርኛውን ፊደል አያወጣም፤ በጥቅምት ፈንታ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ደርድሯል። ሰውየው ወረቀቱን ገለባብጦ አየው።

ጠዋት ማሽኑን ማን ከፈተው ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ተክሌ ተነሥተው «እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው» አሉ። ራስጌው የት እንደሚቀየር እንኳ አያውቁም! የለም፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት አልኩ። ጓድ ፍቅሩ ሁለታችንንም አየና ለማን ብለሽ ነው የቀየርሽው አለኝ። ዓይኔ ወደ ጋሽ ተክሌ ሄደ። መልሱን ያወቀው ይመስለኛል። እስከ ቅዳሜ የሁሉም ደብዳቤ በየደንቡ ካልወጣ ለናዝሬት እንደሚጽፍ ነግሮን ገባ። ለናዝሬት የሚጻፈውን የሚጽፉት ደግሞ ጋሽ ተክሌ ናቸው። የገዛ ራሳቸውን ዝውውር ሊጽፉ ነው።

ማታ ጨው የሌለው ሽሮ በላሁ። አነባሁበት ብል ማጋነን አይሆንም። ቢያንስ እንባው ጨው አለው።

ሐሙስ

እማማ ተሸነፈች። ደረጀ ከነኪሱ ተያዘ፤ ጨዉ ሱሪው ላይ ተበትኖ። እማማ ጮኸች፣ አባባ ግን አቋረጣት። «በእኔ ደም ብዛት ልጆቹን ለምን ታስርቢያቸዋለሽ፣ ለእኔ በትንሿ ድስት ለብቻ አውጪልኝ» አላት። እሷም ትልቁን ድስት እንደ ድሮው ጨው አደረገችበት። ትንሿን ከጎኑ ጣደች። ይኸው ነው፣ በቃ። አራት ቀን ሙሉ የታገልነው ለዚህ ነው።

ቢሮ ስደርስ ትንሿ ድስት ከአእምሮዬ አልወጣም። ፕሮግራሙ ትንሽ ድስት የለውም? ምሳ ሰዓት ሁሉ ሲወጣ መመሪያ መጽሐፉን ከመዝገበ ቃላት ጋር ይዤ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛው ያስለቅሳል። ግን አለው! ለሁሉም የሚሆነው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ አንድ ጽሑፍ ደግሞ የራሱን ልማድ በራሱ ውስጥ ይዞ መቀመጥ ይችላል። የራሱ ካለው የራሱን ይከተላል። ከሌለው የጋራውን።

መጀመሪያ የጋራውን እንደነበረ መለስኩት። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ፤ የማክሰኞ ድሌ ነበረች። ከዚያ በጋሽ ተክሌ ዲስኬት ላይ ባዶ ደብዳቤ አዘጋጀሁ። የአማርኛ ፊደል፣ ሰፋ ያለ ኅዳግ፣ ራስጌው ላይ የማሽኑ ቀን የማይወጣበት ክፍት ቦታ። ሁልጊዜ ከዚህ ከጀመሩ ቀኑን እርስዎ ይጽፉታል፣ ማሽኑ አይነካብዎትም አልኳቸው። ቀን መጻፍማ ማን ያስተምረኛል አሉ።

ኑሪያ ሰንጠረዧን እንደገና አተመች። ድምሩ ቦታው ገብቷል። ሻይ ጋበዘችኝ፤ ታርቀናል ማለት ነው።

ዓርብ

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር። ጠዋት ማሽኑ ሲከፈት ለጋራው የፈረንጁን ቀን የሚነግረው ማነው? ጋሽ ተክሌ ቀድመው ይገባሉ፣ እጃቸው ደግሞ ልማዱን አይተውም። እኔ ወይም ኑሪያ እስክንመጣ አይክፈቱት ልላቸው አሰብኩና አፈርኩ። ሰው በዕድሜው መጨረሻ በር ላይ ቆሞ ልጅ ይጠብቅ?

ቀድሜ ልድረስ ብዬ ሮጬ ገባሁ፤ ቀድመውኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አውርደው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ከኛ ቁጥር ሥር በደቃቁ የታተመውን የፈረንጅ ቁጥር በመነጽራቸው እያነበቡ ጻፉ። ትክክል ነው፣ ጥቅምት 10 ለፈረንጅ ኦክቶበር 20። ለጋራው የጋራውን፣ ለኔ የኔን፣ አይደል? አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ማሽኑ ቀጥሎ ሰዓት ጠየቃቸው። ሁለት ከአምስት ብለው ሞሉት። ለማሽኑ ውድቅት ነው። ሰዓቱ የትም ስለማይታተም ተውኩት፤ አንድ ነገር እንኳ ይቅርላቸው።

ደብዳቤዎቹ ሁሉ በየደንባቸው ወጡ። ጓድ ፍቅሩ ፈረመና ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። እሱ በሩን ሲዘጋ አልወድም።

ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ስለሆነ ቶሎ ይወጣል ብለን ነበር። ጓድ ፍቅሩ ግን ኮቱን ለብሶ መጣና ከጋሽ ተክሌ ጀርባ ቆመ። ለናዝሬት ይጻፉ አለ።

ኑሪያ እርሳሷን አስቀመጠች። እኔ ወደ ማተሚያው ዞርኩ፣ ፊቴን እንዳያዩት። ጋሽ ተክሌ ባዶ ደብዳቤያቸውን ከፈቱ። ማንም ሳይነግራቸው «ጥቅምት 11 ቀን 1982» ብለው ቀኑን ጻፉ። ጓድ ፍቅሩ ወረቀት ሳይዝ ቃል በቃል ያስጽፋቸው ጀመር።

«ለመጋዘኑ የጠየቃችሁትን ሠራተኛ በተመለከተ፣ ከዚህ ቢሮ የሚተርፍ ሰው ስለሌለን ከአካባቢያችሁ እንድትቀጥሩ እናሳውቃለን።»

ጓድ ፍቅሩ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አነበበና «ጥሩ ነው፣ ጋሽ ተክሌ» አለ። ጓድ ሲላቸው የኖረው ሰው። አትመው ሰጡት፣ ፈርሞ ወጣ።

ኑሪያ አልቅሳ ጨርሳ ሳቀች። ጋሽ ተክሌ ዲስኬታቸውን በፖስታው ከተው ካፖርታቸውን ለበሱ። በር ላይ ደርሰው ወደኔ ዞሩ።

«ሰኞ ዘነበችን ሐኪም ቤት አድርሼ ነው የምገባው፣ ማሽኑን አንቺ ክፈቺው። ቀኑን ታውቂዋለሽ አይደል፣ ልጄ?»

አውቀዋለሁ። ሰኞ ጥቅምት 13 ነው። ለማሽኑ ስንት እንደሆነ ካላንደሩን አያለሁ።