ጠያቂሽ ይጽፍ ነበር?

ልጄ ሚንሃ፣ አላህ በምትሄጂበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን። ቡራዩ ዝናቡ በርትቷል፤ የሱቁን ጣሪያ አሳድሻለሁ። አክስትሽ ራቢአም ከሰበታ መጥታ ሰንብታ ሄደች።

«ሥራ ቦታ ኢንኳየሪ አለብኝ፣ አታስቢ» ያልሽኝ ግን ግራ አጋባኝ። ቃሉን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ሰው ጠየቅሁ። አስተማሪው ኢብሮ «እትዬ፣ ጥያቄ ማለት ነው፤ ዋጋው ስንት ነው እንደማለት» አለኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት ኦቦ ዋቆ ደግሞ «ምርመራ ነው» አሉ።

ኢብሮ ሳቀና «ኦቦ፣ ለእርስዎ ሰላምታም ምርመራ ነው!» አላቸው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ማንን ልመን?

ሃያ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ ያየሁት ይህን ነው፦ ገዢ ጨርቁን እየዳሰሰ ይጠይቃል፤ የመለስሽለትን ግን አይጽፍም። የሚጽፍ ጠያቂ ሌላ ነገር ፈልጎ የመጣ ነው።

እባክሽ ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦ የጠየቀሽ ሰው መልስሽን ይጽፍ ነበር? ከጻፈ፣ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ከሥራ ቢያሰናብቱሽም አትሸበሪ፤ ሱቁ ለሁለት ሰው ይበቃል።

አላህ እውነትሽን ያውጣልሽ።

እናትሽ ሬሐና